የጋራ ሥራና የመልእክት መንገድ

ስለ ኅብረት ሲነሣ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው አባባል ነው። በትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ተጽፎ አንብበነዋል፤ በስብሰባ መክፈቻም ደጋግመን ሰምተነዋል። አባባሉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ እኔ ለብዙ ዓመታት በኖርኩበት በጉለሌ፣ በተለይም በሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች መንደር፣ ድር እንዴት እንደሚያብር ቀርቦ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አያልፍም። ድር በራሱ አያብርም። ርዝመቱ ተለክቶ፣ ክሩ ተቆጥሮ፣ አስቀድሞ መደራት አለበት። ድሩ ሲደራ የተሳተውን መወርወሪያው በኋላ አያቃናውም። በጋራ ሥራ ውስጥም ማን ለማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚነግር አስቀድሞ መወሰን ከዚሁ ጋር አንድ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማንሣት የምፈልገው ይህንኑ ጉዳይ ነው።

አንድ ነጠላ በሽሮ ሜዳ ገበያ ተሰቅሎ ከመታየቱ በፊት በአያሌ እጆች ያልፋል። ጥጡ ፍሬው ይወጣለታል፤ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፤ ፈትሉም በቀሰም ላይ ተጠቅልሎ ለማግ ይዘጋጃል። ለድር በአብዛኛው የሚውለው የፋብሪካ ክር ስለሆነ፣ እርሱን የሚያቀርብ ነጋዴ ደግሞ አለ። ሸማኔው በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ውስጥ ሰድዶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል፤ በጫፉም ላይ ጥለቱን ይጥላል። ከዚያ በኋላ ልብስ ሰፊው፣ ነጋዴውና ገዢው ይከተላሉ። ፈታዪቱ ነጠላውን የምትለብሰውን ሴት አታውቃትም። ለባሺቱም የፈታዪቱን ቤት አይታው አታውቅም። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ክሩ ብቻ ሳይሆን፣ ከእጅ ወደ እጅ አብሮ የሚተላለፈው ቃል ነው፤ ስንት ክንድ፣ የምን ቀለም፣ ለየትኛው በዓል የሚለው ቃል።

ከእነዚህ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ፣ አለዚያም የእነዚያ ልጆች ናቸው። በጋሞ ምድር «ዱቡሻ» የሚባል የሸንጎ ስፍራ አለ። ሕዝቡ ስለ ጋራ ጉዳዩ የሚመክረው፣ ጠብ የሚበርደው፣ ውሳኔም የሚሰማው በዚያ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ስፍራው አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። ነገር ከተነሣ በኋላ «ወዴት ሄደን እንነጋገር?» ተብሎ አይጠየቅም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰፈራችን አንድ የኪነት ቡድን ሙዚቃ፣ ውዝዋዜና አጭር ተውኔት ያካተተ ትርኢት ለማቅረብ ተነሣ። እኔም የተውኔቱን ንግግሮች የማዘጋጀት ድርሻ ተሰጠኝ። ሥራው በክፍል በክፍል ተከፋፈለ፤ ለየክፍሉም ኃላፊ ተመደበ። ለተወዛዋዦቹ 16 ነጠላ በአንድ ዓይነት ጥለት እንዲሠራ ተወሰነና፣ ገዢ ሆኖ የተመደበው ወጣት ለአንድ ነጋዴ ነገረው፤ ነጋዴውም ለአንድ አረጋዊ ሸማኔ አዘዘ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓት ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት የውዝዋዜው አሠልጣኝ ሐሳቡን ለወጠ። ተወዛዋዦቹ ነጠላ ከሚያጣፉ ይልቅ በቀሚስ ቢሽከረከሩ መድረኩ የበለጠ እንደሚያምር አስረዳ። አሳቡ መልካም ነበር፤ በልምምድ ቦታ የተገኘነው ሁሉ ወደድነው። ገዢው ግን ያን ዕለት አልመጣም። አሠልጣኙ ሰብሳቢው የሚነግረው መሰለው፤ ሰብሳቢው ደግሞ ጉዳዩ የአሠልጣኙ ክፍል ስለሆነ እርሱ ያሳውቃል ብሎ ተወው። ትርኢቱ ሊቀርብ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት 16ቱ ነጠላዎች በቀጠሮው ቀን፣ በታዘዘው ልክ፣ ባማረ ጥለት ተሠርተው መጡ። የሚፈልጋቸው ሰው ግን አልነበረም። ነጋዴው አልከፍልም አለ። ተወዛዋዦቹ ከየዘመዱ በተዋሱት፣ ርዝመቱም ቀለሙም በማይመሳሰል ቀሚስ መድረክ ላይ ወጡ። ተመልካቹ አጨበጨበ፤ ነገሩም በዚያው ተረሳ።

ሸማኔው ግን አልረሳውም፤ ክሩን የወሰደው በዱቤ ነበርና። ነጠላዎቹ ከወራት በኋላ አንድ በአንድ፣ ከድካሙ በታች በሆነ ዋጋ ተሸጡ። አንድ ቀን ከቤቱ ደጃፍ ቆሜ ሳነጋግረው በእርጋታ እንዲህ አለኝ፦ «መምህር፣ እኔ የታዘዝኩትን ሠርቻለሁ። እናንተ ስትለውጡት ግን ደጄን ያንኳኳ ሰው የለም። ቤቴ ደግሞ ከአዳራሹ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው።»

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ማንንም ለመውቀስ አይደለም። በቡድኑ ውስጥ ሰነፍ አልነበረም፤ ተንኮለኛም አልነበረም። እያንዳንዱ የተሰጠውን ድርሻ ተወጥቷል። ጉዳዩን አሳሳቢ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሥራው ተከፋፍሏል፤ የመልእክቱ መንገድ ግን አልተከፋፈለም። ማን ምን እንደሚሠራ ተጽፎ ነበር፤ የተወሰነው ሲለወጥ ማን ለማን እንደሚነግር ግን አልተጻፈም። ከዚህም የተነሣ ኪሣራው የወደቀው ስሕተቱ በተፈጠረበት ቦታ ሳይሆን፣ ከስብሰባው እጅግ ርቆ በነበረው ሰው ላይ ነው።

ከሽሮ ሜዳ ዳገቱን ወደ ሰሜን ሲወጡ እንጦጦ ማርያም ይደረሳል። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚያ ነው። ወደዚያ በወጣሁ ቁጥር ከ6 ዓመት በኋላ የሆነው የዐድዋ ዘመቻ ትዝ ይለኛል። ስለ ጀግንነቱ ብዙ ተብሏል፤ ስለ መልእክቱ አደረጃጀት ግን ጥቂት ነው የሚነገረው። መስከረም 7 ቀን 1888 ዓ.ም. የታወጀውን የክተት አዋጅ በዚህ ዓይን እንመልከተው። አዋጁ የዘመቻውን ምክንያት ይናገራል። ጉልበት ያለው እንዲዘምት፣ ጉልበት የሌለው በጸሎት እንዲረዳ ያዛል። ለሸዋ ሠራዊት መገናኛውን ወረኢሉ፣ ጊዜውንም እስከ ጥቅምት እኩሌታ አድርጎ ይወስናል። በነጋሪት ድምፅና በቃል በሚተላለፍ ጥቂት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ለምን፣ ማን፣ የትና መቼ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ መልስ አግኝተዋል። አዋጁን የሰማ ገበሬ፣ ንጉሠ ነገሥቱን በዓይኑ አይቶ ባያውቅም፣ ከቤቱ ሲነሣ ወዴት እንደሚሄድ ያውቅ ነበር።

በተቃራኒው ወገን የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ጄኔራል ባራቲየሪ በየካቲት 22 ሌሊት ጦሩን በአራት ብርጌድ ከፍሎ አንቀሳቀሰ። የአልበርቶኔ ብርጌድ በግራ፣ የአሪሞንዲ በመካከል፣ የዳቦርሚዳ በቀኝ፣ የኤሌና ደግሞ በተጠባባቂነት ነበሩ። ለአዛዦቹ በታደለው ንድፍ ካርታ ላይ አልበርቶኔ እንዲይዘው የታዘዘው ኮረብታ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ ተመልክቶ ነበር። የአገሬው ሰው እንዳ ኪዳነ ምሕረት የሚለው ቦታ ግን ከዚያ በብዙ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት የራቀ ነበር። አልበርቶኔ በካርታው ከተመለከተው ቦታ ደርሶ ሳለ፣ መሪዎቹ እውነተኛው ስፍራ ገና ወደ ፊት እንደሆነ ነገሩት፤ እርሱም ገሠገሠ። ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ንጋት ላይ ብቻውን ከኢትዮጵያ ሠራዊት ጋር ተጋፈጠ። ሊደግፈው የተላከው ዳቦርሚዳም ወደ ቀኝ አዘንብሎ በማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ተነጠለ። የካቲት 23 ቀን ከመምሸቱ በፊት አልበርቶኔ ተማረከ፤ አሪሞንዲና ዳቦርሚዳ ሞቱ።

ይህን ስል የዐድዋን ድል የካርታ ስሕተት ውጤት ማድረጌ አይደለም። ድሉ የተገኘው በሕዝቡ ቆራጥነትና በሠራዊቱ መሥዋዕትነት ነው። ሆኖም አንድ ቃል ለላኪውና ለተቀባዩ ሁለት የተለያየ ኮረብታ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አብነት አላገኘሁም። ትእዛዙ ደርሷል፤ ተነቧል፤ ተፈጽሟልም። ያልተደረገው ነገር ቢኖር፣ ላኪውና ተቀባዩ ስለ አንድ ቦታ መነጋገራቸውን አስቀድሞ ማረጋገጥ ነበር። ካርታውን በዓይኑ ያላየው ተራ ወታደርም ዋጋውን በሕይወቱ ከፈለ። የመድረክ ነጠላና የጦር ሜዳ በክብደታቸው አይወዳደሩም፤ ዕዳው የወደቀበት ሰው ግን በሁለቱም ከውሳኔው ርቆ የነበረው ነው።

እንግዲህ በትምህርት ቤትም ሆነ በኪነት ቡድን፣ በቀበሌም ሆነ በማኅበር የጋራ ሥራ ስንጀምር፣ የሥራ ክፍፍሉን በጻፍንበት ወረቀት ላይ ጥቂት መስመሮች ብንጨምር ምን ይጎዳናል? ለውጥ ሲመጣ የሚነገራቸው እነማን ናቸው? ነጋሪውስ በስሙ ማን ነው? በቃል ነው ወይስ በጽሑፍ? በስንት ቀን ውስጥ? ተቀባዩ መስማቱንና በትክክል መረዳቱን የምናውቀውስ በምንድን ነው? በእኔ ግምት ዋነኛው የመጨረሻው ጥያቄ ነው። «ነግሬዋለሁ» ማለት «ገብቶታል» ማለት አይደለምና። ተቀባዩ የሰማውን በራሱ አንደበት መልሶ ቢናገር፣ ወይም በሽሮ ሜዳ እንደሚደረገው የጥለቱ ናሙና ቁራጭ በሁለቱም እጅ ቢቀመጥ፣ ብዙ ጥፋት ይቀራል።

አንዳንድ ጓደኞቼ ይህን ሲሰሙ «መተማመን ካለ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ዛሬ ሁሉም በኪሱ ስልክ ስለያዘ ችግሩ ያለፈ ይመስላቸዋል። መተማመን የሚጸናው ግን ሰው ያልጠበቀው ኪሣራ ሳይደርስበት ሲቀር ነው። ስልክም ቢሆን ማን መደወል እንዳለበት አይነግረንም። እንዲያውም በአንድ ጊዜ ለመቶ ሰው መልእክት መላክ በተቻለበት ዘመን፣ «ሌላው ይነግረዋል» ብሎ መተው ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል። ስሙ በስልኩ ዝርዝር ውስጥ ያልገባው ሸማኔ ዛሬም ከደጅ እንደቀረ ነው።

ከዚያ ትርኢት ወዲህ በተለያዩ ኮሚቴዎች ውስጥ ሠርቻለሁ። አጀንዳው ጸድቆ፣ ድርሻው ሁሉ ተከፋፍሎ፣ ሰዉ ለመነሣት ወንበሩን ሲገፋ እጄን አውጥቼ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ በዚህ ሥራ ውስጥ እያለ ዛሬ እዚህ ያልተገኘው ማነው? ለእርሱስ ማን ሄዶ ይነግረዋል? መልሱ በቃለ ጉባኤው ላይ በስም እስኪጻፍ ድረስም ከመቀመጫዬ አልነሣም።