ቡችላ ፍለጋ በልደታ

የልጅ ልጄ ዘንድሮ ግንቦት 1 ቀን አምስት ዓመት ይሞላታል። በልደታ ሰፈር፣ በልደታ ቀን የተወለደች ናትና ስጦታዋን ከወዲሁ ጠየቅኳት። አላመነታችም። «የማይታረድ እንስሳ» አለችኝ።

ነገሩ የመጣው ከፋሲካው በግ ነው። በጉ ከብሎካችን ሥር ታስሮ አራት ቀን ቆየ። በየቀኑ ሣር ይዛ ትወርዳለች፣ ግንባሩን ታሻሸዋለች፣ ነጭ ስለነበር «ጥጥ» የሚል ስም አውጥታለታለች። ሌሊት እሷ ተኝታ ሳለ ወንዶቹ ለእርድ ወደተሠራው የጋራ ቤት ወሰዱት። በማግስቱ እኛ ስንፈስክ እሷ እንጀራዋን በሽሮ በላች። እናቷ «ትረሳዋለች» ብላ ነበር፤ አልረሳችም። ለካ ማንም ሳይመርጥላት የመጀመሪያ የቤት እንስሳዋ ያ በግ ኖሯል።

ባለፈው ቅዳሜ እጇን ይዤ ከአራተኛ ፎቅ ወረድን። ልቧ ቡችላ ላይ ነው። እኔ ግን ገና ደረጃው ላይ፣ ጉልበቴ ሲንቋቋ፣ ሒሳብ ጀመርኩ። ውሻ በቀን ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ መውረድ አለበት። የአምስት ዓመት ልጅ ብቻዋን አታወርደውም። እናትና አባቷ ሥራ ይውላሉ። ስለዚህ ውሻው የእኔ ነው ማለት ነው። ሌላም አለ፤ ውሻ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ይኖራል፣ እኔ ደግሞ ስድሳ ስድስት ሞልቶኛል። ይህን ለልጅ አይነግሩትም፤ አያቶች ግን ለራሳችን መንገር አለብን።

እኔ ያደግሁበት ልደታ እንዲህ አልነበረም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፈርሶ ኮንዶሚኒየሙ ሳይቆም በፊት ሰፈሩ የጭቃ ቤትና የቆርቆሮ አጥር ነበር። ግቢ ያለው ሁሉ ውሻ ነበረው። ውሻ ማለት ግን ዘበኛ ነው፤ ትራፊ ይበላል፣ ደጅ ያድራል፣ ከደፍ አያልፍም። አባቴ፣ ቦሌ ሳይከፈት አውሮፕላን እዚሁ ልደታ ሜዳ ያርፍ በነበረበት ዘመን፣ የሰፈሩ ልጆችና ውሾች አብረው አውሮፕላን ለማየት ይሮጡ እንደነበር ያጫውተን ነበር።

የእኛው ቡቺ አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜን ነከሰው። ከአጥንት ስላባረረው ይሁን ታሞ ይሁን ሳናውቅ በሁለተኛው ቀን ውሻው ጠፋ። አባቴ ልጁን ይዞ ጉለሌ፣ ፓስተር ሄደ። ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቢባልም የእኔ ዘመን ሰው አሁንም ፓስተር ነው የሚለው። ያኔ መርፌው ሆድ ላይ ነበር፤ በየቀኑ፣ ከአሥር ቀን በላይ። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት አልጋ ሥር ሲደበቅ፣ እናቴ እያለቀሰች ስትጎትተው አይቻለሁ። አሁን በክንድ የሚሰጥ፣ ቁጥሩም ያነሰ ክትባት አለ። በሽታው ግን ያው ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለእብድ ውሻ በሽታ በሚያሰጋ እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች አርባ በመቶው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው። ልጅ ሲነከስ ደግሞ ቁጣ ፈርቶ ሊደብቅ ይችላል። ቤት ውስጥ እንስሳ ሳይገባ በፊት ለልጅ ልጄ የነገርኳት ይህን ነው፦ ከቧጨረሽም ከነከሰሽም ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም። ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠባል፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይኬዳል።

በባቡሩ ድልድይ ሥር አልፈን ወደ ሜክሲኮ ስናዘግም አንድ ወጣት በካርቶን ሁለት ቡችሎች ይዞ ቆሟል። «ማዘር፣ የፈረንጅ ድቅል ነው» አለኝ። ልጅቷ እጄን ለቀቀች።

«ስንት ጊዜው ነው?»

«አንድ ወር።»

«ተከትቧል?»

«ሁሉንም ጨርሷል፣ የእብድ ውሻውንም!»

የእብድ ውሻ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሦስት ወር ሲሞላው ነው። በአንድ ወሩ ደግሞ ቡችላ ገና ከእናቱ ጡት መለየት አልነበረበትም፤ ቢያንስ ስምንት ሳምንት ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር የቆየ ቡችላ መናከስ እንደሚያሳምም የሚማረው እዚያ ነው። ልጁን አልተጣላሁትም፣ እንጀራው ነው። ቡችላውን ከልጄ እቅፍ ማውጣቱ ግን ከባድ ነበር። እስከ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ድረስ አለቀሰች። አጥሩ ሥር ተቀምጠን እኔም ዝም አልኩ፤ አንዳንዴ ማባበል ለራስ ነው።

በመንገዳችን ዶሮ የያዘች ሴት አገኘን። ጫጩት ይሻልሽ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ እንባዋን እየጠረገች «ይታረዳል» አለችኝ። ልክ ናት።

አንድ ዘመዴ ጥንቸል መክሮኝ ነበር። ጥንቸል ለማየት ያምራል፤ ነገር ግን መታቀፍ አይወድም፣ ሲፈራገጥ ከትንሽ ልጅ እጅ ወድቆ ወገቡ ሊሰበር ይችላል። ኤሊም ተብሎልኝ ነበር፤ ኤሊ ታማ ሳትታይ ሳልሞኔላ የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ተህዋስ ትይዛለች፣ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች አይመከርም። ደግሞስ የዱር እንስሳ አይደለችም እንዴ? ዓሣ አልጠላሁም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የውኃውን ማሽን ማን ሊጠብቅ ነው እንጂ።

ወደ ቤት ስንመለስ ምድር ቤት ያለችው ጎረቤቴ በሯን ከፍታ ቡና ታፈላለች። ድመቷ ከወለደቻቸው አንዷ ሰባት ወር ሆኗታል፤ ተከትባለች፣ የጥገኛ ትል መድኃኒትም ወስዳለች፣ ካርዷም አለ። ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ታስተላልፋለችና ካርዱን አንብቤ ነው የተቀመጥኩት። ከግልገል ይልቅ ትንሽ ያደገች መምረጤ ጠባይዋ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ነው፤ ይህቺ ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ያደገች ናት። ለአሸዋዋ በረንዳ ይበቃታል፣ ደረጃ አታወርደኝም። ልጄ ብታረግዝ ግን አሸዋውን የምቀይረው እኔ ነኝ፤ ከድመት ዓይነ ምድር የሚመጣ ለጽንስ የሚያሰጋ በሽታ አለ።

«አትያዢያት» አልኳት የልጅ ልጄን፣ «መሬት ተቀምጠሽ ጠብቂያት።» ሁለተኛው ቡና እስኪወርድ ተቀመጠች። የአምስት ዓመት ልጅ ያን ያህል ዝም ስትል አይቼ አላውቅም። ድመቷ ዞረች፣ አሸተተች፣ ሄደች፣ ተመልሳ ጉልበቷ ላይ ራሷን አሻሸች።

«እማማ፣ ድመት ይታረዳል?»

«አይታረድም።»

ቤት ከገባች ሦስት ቀኗ ነው። ሁለቱን ቀን አልጋ ሥር አሳለፈች፤ ትናንት ማታ ወጥታ ከልጅቷ እግር ሥር ተኛች። ድመቷ እንደ ከሰል የጠቆረች ናት። ስሟ ግን ጥጥ ነው።