ስለ ብርቱካኑ ልጣጭ የማርመው ነገር



ባለፈው ጥር ስብሰባችን ላይ «ከብርቱካን ልጣጭ ጋር የብር ናኖ ቅንጣት ሠራሁ» ብዬ ጭብጨባችሁን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ጭብጨባ ከፊሉን ለመመለስ ነው ይህን የምጽፈው።

በካይሮ የጭማቂ ቤቶች ደጃፍ ልጣጭ እንደ ተራራ መቆለሉን ሁላችንም እናያለን። ከማደሪያዬ በታች ያለው ጭማቂ ሻጭ «ያ ሐበሺ፣ ፍየል ታረባለህ እንዴ?» እያለ በፌስታል ይሞላልኛል። አጥቤ፣ ቆራርጬ፣ አፍልቼ አጠለዋለሁ። በውስጡ ያሉት ፖሊፊኖሎች በብር ናይትሬት ውስጥ ላለው የብር አዮን ኤሌክትሮን ይሰጡና ብር ያደርጉታል፤ ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች ቅንጣቶቹን ከብበው እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ያግዳሉ። በተለመደው መንገድ ይህን ሥራ የሚሠራው እንደ ሶዲየም ቦሮሃይድራይድ ያለ መርዛም ኬሚካል ስለሆነ፣ የልጣጩ ዘዴ «አረንጓዴ» ተብሏል። ብር ናይትሬቱ ግን ያው ብር ናይትሬት ነው! ጣቶቼን አጥቁሮ «ሂና ተቀባህ ወይ?» አሰኝቶኛል።

ሥራው እንዲፈጥን ጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ አደርግበት ነበር። ፈሳሹ ቡናማ ሲሆን ብሩ ተገኘ ብዬ ደመደምኩ፤ ለእናንተም አወራሁ።

በኋላ የላቦራቶሪያችን ኃላፊ ወይዘሮ መጥተው «ብር ያልገባበት ጠርሙስህ የታለ?» አሉኝ። አልነበረኝም። የልጣጩን ውኃ ብቻ፣ ያንኑ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምሬ አስቀመጥኩት። እሱም ቡናማ ሆነ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስለዚህ ቀለሙን ትቼ ወደ ስፔክትሮፎቶሜትሩ ሄድኩ። የብር ናኖ ቅንጣት በ420 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ስለሚውጥ በሥዕሉ ላይ ጉብታ ይታያል። ከአምስት ጊዜ ሙከራዬ ጉብታው የታየው በሁለቱ ብቻ ነው። ሁለቱ በብርዱ ወራት ከሚሸጠው አቡ ሱራ የተሠሩ ናቸው፤ ሦስቱ ኋላ ከደረሰው ሰይፊ። ምክንያቱ የብርቱካኑ ዓይነት ይሁን፣ የልጣጩ ትኩስነት ይሁን፣ የእጄ ጥፋት ይሁን፣ ገና እየለየሁ ነው። ሁለቱን ብቻ አቅርቤ ሦስቱን ልደብቅ አስቤ እንደነበር አልክድም፤ ለመምህሬ ግን አምስቱንም ሰጠሁ።

ይህን በአደባባይ የምጽፍበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ከስብሰባው በኋላ አንድ ወንድማችን በእኔ ቃል ተማምኖ፣ አዲስ አበባ ካሉ ጭማቂ ቤቶች ልጣጭ እየሰበሰበ የውኃ ማጣሪያ ሊሠራ ለቤተሰቡ ጽፎ ገንዘብ ጠይቋል። ወንድሜ ሆይ፣ ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ሙከራ እስክጨርስ ድረስ ገንዘቡን አታስልክ። ማክሰኞ ማታ ማደሪያዬ ብትመጣ፣ አምስቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አሳይሃለሁ።