ከዳሞታ ተራራ ሥር፤ ወንጌል በማን አንደበት?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ፥ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ወላይታ ሲደርስ፥ ከሩቅ ሆኖ የሚቀበለው የዳሞታ ተራራ ነው። ከፍታው 2,900 ሜትር ገደማ ነው። የሶዶ ከተማ በተራራው ደቡባዊ ግርጌ ተዘርግታ ተቀምጣለች። ሰማዩ በጠራ ቀን ከተራራው ላይ ሆነው ወደ ደቡብ ሲመለከቱ የአባያ ሐይቅ ይታያል፤ በምሥራቅ የብላቴ፥ በምዕራብ የኦሞ ወንዝ ሀገሩን ያዋስኑታል። በየቤቱ ደጃፍ እንሰቱ እንደ አጥር ቆሟል፤ ከእርሱም ቀጥሎ ቦይናው፥ ስኳር ድንቹና ቡናው ይታያል። ቀይ፥ ብጫና ጥቁር መስመር ያለውን ዱንጉዛ የለበሰ ሽማግሌ በመንገድ ቢያገኙ ሰላምታው «ሳሮ» ነው፤ ትርጓሜውም ሰላም ማለት ነው።

ሶዶ የመንገዶች መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ ወደ አርባ ምንጭ፥ አንዱ ወደ ሻሸመኔ፥ አንዱ ወደ ዳውሮ፥ አንዱም ወደ ጎፋ ይወጣል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት የመንግሥቱ መቀመጫ ሆናለች። ነገር ግን በእነዚህ መንገዶች የተመላለሰው ነጋዴና ሹም ብቻ አይደለም፤ የወንጌል መልእክተኛም በእግሩ ተመላልሶባቸዋል። እኛም ስለ ስብከተ ወንጌል ለማሰብ ከዚህ የተሻለ ሥፍራ በቀላሉ አናገኝም።

የዚህ ነገር ጥንተ ነገሩ ሩቅ ነው። በገድለ ተክለ ሃይማኖት የሚነገረውን የዳሞቱን ንጉሥ የሞተለሚን ታሪክ የማያውቅ ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን የማረከው ይህ ንጉሥ ሲሆን፥ ኋላም በልጇ ስብከት አምኖ ተጠመቀ። የጥንቱ ዳሞት ከዓባይ በስተ ደቡብ በሰፊው የተዘረጋ ሀገር ስለ ነበረ፥ የታሪክ ሊቃውንት ስለ ወሰኑ የተለያየ አሳብ አላቸው። የወላይታ አባቶች ግን ሞቶሎሚን ከቀደሙት ነገሥታታቸው ይቈጥሩታል፤ የዳሞታንም ተራራ ስም ከዚያ ጋራ ያያይዙታል። ስለዚህ ክርስትና በወላይታ ምድር እንደ ትናንት እንግዳ የሚታይ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1887 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከብርቱ ውጊያ በኋላ ካዎ ጦናን ማርኮ ወላይታን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት አገባ። ካዎ ማለት በሀገሩ ቋንቋ ንጉሥ ነው። ከሠራዊቱም ጋራ ካህናት መጡ፤ አብያተ ክርስቲያናት ታነጹ፤ ታቦት ገባ፤ ሕዝብም ተጠመቀ። ከእነዚያ ካህናት መካከል በጾምና በጸሎት ተወስነው፥ ሕፃናትን ፊደል አስቈጥረው፥ በዚያው ምድር ያረፉ እውነተኞች አባቶች ነበሩ። ነገር ግን እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ ቄሱና ነፍጠኛው የመጡት በአንድ ዘመንና በአንድ መንገድ ነው። ገባሩ በሳምንቱ ቀን ለባለ ርስቱ ሲያርስ ሰንብቶ፥ በእሑድ በግዕዝ ሲቀደስና በአማርኛ ሲሰበክ ይሰማ ነበር። ሁለቱም የእናቱ ቋንቋ አልነበሩም። ብዙ ሰው ተጠመቀ እንጂ የሚያስተምረው አላገኘም።

በ1920 ዓ.ም. የሱዳን ኢንቴርየር ሚሲዮን የተባለው ማኅበር ሰዎች ከባሕር ማዶ መጥተው በሶዶ ተቀመጡ። ሐኪም ቤትና ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የሀገሩንም ቋንቋ ተማሩ። የመጀመሪያዎቹን አማኞች ያጠመቁት በ1926 ዓ.ም. ነው። ፋሺስት ኢጣልያ ሀገራችንን በወረረ ጊዜ እነርሱም በ1929 ዓ.ም. ከወላይታ እንዲወጡ ተደረገ። ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ያህል ብቻ እንደ ነበሩ የሚሲዮኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚገመት አማኝ አገኙ።

ይህ እንዴት ሆነ? የውጭ ሀገር ሰው በሌለበት በእነዚያ ዓመታት ያስተማሩት ወላይቶች ራሳቸው ናቸው። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉት ታስረዋል፥ ተገርፈዋል። ሌሎች ከሶዶ በሚወጡት መንገዶች ወደ ጋሞ፥ ወደ ጎፋ፥ ወደ ዳውሮና ወደ አሪ ሄዱ። ብዙዎቹ የሄዱት ሚስትና ልጆቻቸውን ይዘው ነው። በሄዱበት ሀገር ቤት ሠርተው፥ መሬት ቈፍረው፥ የጎረቤታቸውን ቋንቋ ተምረው ኖሩ፤ ከወገኖቻቸው የተዋጣ እህልና ገንዘብም ይደግፋቸው ነበር።

የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በእምነት ሥርዓት ከእነዚህ ወንድሞች ጋራ የምንለያይበት ነገር ጥቂት አይደለም፤ ልዩነቱንም አናቃልለውም። ይሁን እንጂ የሰው ትጋት ሲታይ አላየሁም ማለት አይገባም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ በወላይታ ዞን ከመቶው ሕዝብ 71 ያህሉ ፕሮቴስታንት፥ 21 ያህሉ ኦርቶዶክስ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ ቍጥር ለቍጣ ሳይሆን ለምርመራ ይሁነን። ምክንያቱን ሁሉ በባዕድ ገንዘብና በሐኪም ቤት ላይ የሚጥል ሰው፥ ባዕዳኑ በሌሉበት ዘመን የሆነውን ረስቷል።

በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ ሀገሪቱን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልልና ለሚሲዮን ክፍት የሆነ ክልል ብሎ ከፈለ፤ የማስተማሪያውም ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን አዘዘ። ዐዋጅ ወሰን ያበጃል፤ ልብን ግን አያስተምርም። ወላይታ ቋንቋውን ምን ያህል እንደሚወድ በ1992 ዓ.ም. ታይቷል፤ «ወጋጎዳ» የተባለ የተቀላቀለ ቋንቋ በመማሪያ መጽሐፍ በመጣ ጊዜ ሕዝቡ ተቃውሞ፥ የሰው ሕይወት እስኪጠፋ ደርሶ፥ መጽሐፉ ቀርቷል።

እስቲ የራሳችንን ታሪክ እንመልከት። በበዓለ ኀምሳ መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ ሐዋርያት ከየሀገሩ የመጣውን ሕዝብ የእነርሱን ቋንቋ እንዲማር አላዘዙትም፤ እያንዳንዱ በተወለደበት ቋንቋ ሰማ እንጂ። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ መጽሐፉን በእጁ ይዞ ሳለ የሚያስረዳው ባጣ ጊዜ፥ ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከአጠገቡ ተቀመጠ። ተሰዓቱ ቅዱሳን ከባሕር ማዶ መጥተው ግዕዝን ተምረው መጻሕፍትን ወደ እኛ ቋንቋ መለሱልን። እነርሱ በገዛ ቋንቋቸው ብቻ ቢጸኑ ኖሮ ዛሬ የምንኮራበት ዜማና ድርሰት ከየት ይገኝ ነበር? እንግዲህ ግዕዝን የምንወድ ሰዎች ግዕዝ ራሱ የትርጓሜ ፍሬ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባንም። የቅዳሴው ክብር ሳይጓደል፥ ስብከቱና ንስሐው፥ የሕፃናቱም ትምህርት በሕዝቡ አንደበት ሊሆን ይችላል። ቤተ ክርስቲያናችን በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም ቋንቋዎች ማስተማርና መቀደስ መያዟ ትክክለኛው ጎዳና ነው፤ ጎዳናው ግን ብዙ መንገደኛ ይፈልጋል።

ይህን ለሊቃነ ጳጳሳትና ለሰባክያን ብቻ ትተን መቀመጥ የለብንም። አቂላና ጵርስቅላ ድንኳን ሰፊዎች ነበሩ፤ አጵሎስን በቤታቸው ተቀብለው አስተማሩት። በሶዶ፥ በቦዲቲ ወይም በአረካ የሚኖር ኦርቶዶክሳዊ ቤተሰብ አቡነ ዘበሰማያትን በወላይትኛ ለልጆቹ ቢያስጠና፥ ይህ ታላቅ ስብከት ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤት ወላይትኛን በላቲን ፊደል ይማራሉ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ደግሞ የግዕዝን ፊደል ቢያጠኑ ሁለቱ አይጣሉም። ከሌላ ሀገር ለሥራ ወደዚያ የሄደ መምህር፥ ነጋዴ ወይም ወታደርም ከሁሉ አስቀድሞ የጎረቤቱን ቋንቋ ይማር። ሠላሳ ዓመት በሶዶ ኖሮ ከ«ሳሮ» በቀር የማያውቅ ክርስቲያን፥ ስለ ሐዋርያት ሥራ ቢያነብብም ሥራቸውን አልጀመረም።

በመስቀል ሰሞን ወላይታ የዘመን መለወጫውን ጊፋታን ያከብራል። በዚያ ሰሞን የተጣላ ይታረቃል፤ ዘመድ ከሩቅ ይሰበሰባል። እኛም በዚያው ወራት ደመራ እንደምራለን። የሁለቱ በዓላት ጉርብትና መልካም በር ነው። በሩን የሚያንኳኳ ሰው ግን በመጀመሪያ በቤቱ ባለቤት ቋንቋ ሰላም ይበል።