የትግለኛው ዘር

በአምቦ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት፣ በወላጆች ቀን በተዘጋጀው የጠቅላላ ዕውቀት ጥያቄና መልስ ላይ፣ ጠያቂው መምህር «በንጉሠ ነገሥትነት ማዕረግ ከታወቁት ሰዎች አንዱን ጥቀስ» ባለ ጊዜ፣ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ እጁን አንሥቶ «ትሪፕል ኤች» ሲል መለሰ። አዳራሹ በሳቅ ሲናወጥ ልጁ ከቶ አልደነገጠም፤ «ቲቸር፣ በዙፋን ተቀምጦ ሲገባ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አለ። ነጥብ ተከለከለ። እኔ ግን ከወላጆች መካከል ከኋላ ተቀምጬ ስሰማ፣ ጥያቄው የማናቸውንም አገር ስም አለመጥራቱን ልብ ብዬ፣ መልሱ ይግባኝ የሚያስኬድ መሆኑን ተረዳሁ፤ ዘውድንና ነጻ ትግልን በአንድ ሐረገ ትውልድ ያገናኛቸው ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ወደ ላይ መቁጠር የጀመርሁትም ከዚያ በኋላ ነው።

የልጁ ምስክርነት ሐሰት የለበትም። ከሆለታ እስከ ባኮ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተሠሩት ከተሞች ልጆች፣ ቀድሞ በቪዲዮ ቤት፣ ኋላም በዲሽ፣ ሬስሊንግ የሚሉትን የአሜሪካ ትግል ከታሪክ ትምህርታቸው በሚበልጥ ትጋት አጥንተውታልና፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በቺካጎ አጠገብ ትግለኛው ትሪፕል ኤች እንደ ጥንት አረማዊ ንጉሥ ለብሶ፣ ንጉሠ ነገሥትነቱን በሚያውጅ ዘፈን ታጅቦ፣ ከነዙፋኑ ብቅ ማለቱን ያውቃሉ። በዚያችው ሌሊት ተጋጣሚው ጆን ሲና እግሩን ቆልፎ፣ አንገቱን ጠምዝዞ እጅ ማሰጠቱን ግን ልጁ ለዳኞቹ አላነሣም፤ የቤተ መንግሥት ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አያነሣም።

ትሪፕል ኤች በዘርም ቢሆን ባዶ አይደለም። የትግሉን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ከአባቱ እጅ የገዛው ቪንስ ማክማን፣ አያቱም ጄስ የቦክስና የትግል አዘጋጅ ነበርና፣ በሥራው ሦስተኛው ትውልድ ነው፤ ትሪፕል ኤችም እ.ኤ.አ. በ2003 የቪንስን ልጅ ስቴፋኒን አግብቶ ወደ ዘሩ ገባ። በሴት በኩል መግባት ደግሞ በእኛ አገር ነውር ሆኖ አያውቅም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዘውዱን ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለሚወርደው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር ሲያጸና፣ ያ ዘር ሳይቋረጥ ከንጉሥ ሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ የመጣ መሆኑን ደንግጓል፤ ከሣህለ ሥላሴ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ የሚያደርሰው ድልድይ ግን የራስ መኰንን እናት፣ የንጉሡ ልጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ናቸው። ሳይቋረጥ የሚለውን ቃል በተመለከተ፣ ዛጉዌዎች ዘውዱን ይዘው መቆየታቸውንና ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ማስመለሱን እያወቁ የጻፉትን ሊቃውንት ድፍረት ከማድነቅ በቀር የምጨምረው የለኝም።

ከምኒልክ በላይ ሰሎሞን፣ ከሰሎሞን በላይ ዳዊት፣ ከዳዊት በላይ እሴይ እያልን ስንወጣ፣ ሲወለድ ወንድሙን ዛራን ቀድሞ ጥሶ የወጣውን ፋሬስን፣ ከእርሱም በላይ ይሁዳን አልፈን፣ የነገሩ ሁሉ ምንጭ ወደ ሆነው ወደ ያዕቆብ እንደርሳለን፤ ያዕቆብም ትግለኛ ነው። ትግሉን የጀመረው ገና በርብቃ ማኅፀን ሳለ ሲሆን፣ ሲወለድም የዔሳውን ተረከዝ ይዞ ወጣ። ብኵርናውን በምስር ወጥ ገዛ። የአባቱን ምርቃት ለመውሰድ የፍየል ጠቦት ቆዳ በእጁና በአንገቱ ጠቅልሎ ዔሳውን መስሎ ገባ፤ ዛሬ በመታገያው መድረክ ጭንብልና ካባ ለብሰው የሚገቡት ሁሉ፣ ሳያውቁት፣ የእርሱ ደቀ መዛሙርት ናቸው። ከዚህ ሁሉ በኋላ የያቦቅን ወንዝ ተሻግሮ በጵንኤል ከማያውቀው ሰው ጋር እስኪነጋ ድረስ ታገለ። ዳኛ አልነበረም፣ ደወል አልነበረም፣ ተመልካችም አልነበረም፤ ተጋጣሚው የጭኑን ሹልዳ ነክቶ ቢያወልቅበትም ካልባረክኸኝ አልለቅም አለ፣ ተባረከም፣ አዲስ ስምም ወጣለት። በስተመጨረሻ አሸናፊው እያነከሰ ሲሄድ ተሸናፊው መራቂ ሆነ፤ እንዲህ ያለ ፍጻሜ የሚያቀነባብር አዘጋጅ እስከ ዛሬ በአሜሪካ አልተነሣም። እንግዲህ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ የሚለው ማኅተም ከነሙሉ ክብሩ የአንድ ትግለኛ ቤተሰብ ማኅተም ነው።

በሌላውም ዓለም ነገሥታት ከዚህ ጠባይ አልጸዱም። እ.ኤ.አ. በ1520 የእንግሊዙ ሄንሪ 8ኛና የፈረንሳዩ ፍራንሷ 1ኛ ለሰላም ጉባኤ በወርቅ ድንኳን ተገናኝተው ሳለ ሄንሪ እንታገል ብሎ ቢጋብዝ፣ ፍራንሷ ገልብጦ መሬት ላይ እንደ ጣለው ፈረንሳዊ ጸሐፊ መዝግቧል፤ እንግሊዛውያን ጸሐፍት በዚያ ቀን ሌላ ሥራ ይዟቸው ሳይሆን አይቀርም። ከጄንጊስ ካን ዘር የሆነችው ልዕልት ኩቱሉንም፣ ማርኮ ፖሎ እንደሚተርከው፣ ታግሎ ያሸነፈኝ ያግባኝ፣ የተሸነፈ 100 ፈረስ ይክፈል ብላ ከ10,000 የሚበልጥ ፈረስ ሰብስባለች።

አምቦም ከዚህ ጉዳይ እጇ የለበትም አይባልም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በፍልውኃው አጠገብ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ በቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ንጉሥ ዲዮኒሲየስና ሁለቱ ወንድማማቾች የሚል ተውኔት ጽፎ፣ ተውኔቱ በጃንሆይ ፊት ታይቷል። አንዱ ንጉሥ ከመድረኩ በላይ፣ ሌላው ከመድረኩ በታች ተቀምጠው ሲተያዩ፣ ሕዝቡ በየትኛው መሳቅ እንደሚፈቀድ ሳይነገረው ያውቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። የትግሉ ሰዎች እንኳ የመድረካቸውን ምስጢር ገልጠውታል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የማክማን ድርጅት ከስፖርት ኮሚሽን ቁጥጥርና ግብር ለመዳን ሲል፣ የምናሳየው ውድድር ሳይሆን ትርኢት ነው ብሎ ለኒው ጀርሲ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ቃሉን ሰጥቷል። ነገሥታት ግብር ተቀባዮች እንጂ ከፋዮች ስላልነበሩ፣ እንዲህ ያለ ቃል የሚሰጡበት ምክንያት አልገጠማቸውም።

ይህ ሁሉ የዘር ነገር የሚነገርበት የሜጫ ምድር ራሱ ሥልጣንን ለልጅ አያወርስም ነበር። በዚሁ በምዕራብ ሸዋ በጌዶ በኩል ባለው በኦዳ ቢሲል፣ በገዳ ሥርዓት፣ አምስቱ የገዳ ወገኖች በየ8 ዓመቱ ሲፈራረቁ፣ ተራው ወደ መጀመሪያው ወገን የሚመለሰው በ40 ዓመት ነው። በአንጻሩ የሳሞአው ትግለኛ ቤተሰብ ልጅ፣ የነገድ አለቃ ነኝ የሚለው ሮማን ሬይንስ ቀበቶውን ለ1,316 ቀን ይዞ ሲቆይ የአሜሪካ ተንታኞች ዘመኑ ረዘመ ብለው ተደንቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በፊላደልፊያ የነጠቀው ኮዲ ሮድስም፣ የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ ነኝ እያለ ይፎክር የነበረው የትግለኛው የደስቲ ሮድስ ልጅ ነው። በኦዳ ቢሲል ቢሆን ኖሮ በ1,316ኛው ቀን አባ ገዳው የዘመኑን እኩሌታ እንኳ ባላደረሰ ነበር።