ወረንጦ ይዛችሁ ወደ ሱባ

መስከረም ገብቶ ዝናቡ ሲያባራ ልጆችን ይዛችሁ ከከተማ ለመውጣት ካሰባችሁ፣ ሱባን እመክራችኋለሁ። በሰበታ በኩል ወጥታችሁ፣ ከአስፋልቱ ተገንጥላችሁ የጠጠሩን መንገድ ትይዛላችሁ። መኪናው ያንገጫግጫችኋል፣ ልጆቹም «ደረስን?» እያሉ ያሰለቿችኋል። ታገሱ። የወጨጫን ተራራ ተንተርሶ የተኛው ደን ሲጀምር መስኮቱን ዝቅ አድርጉት፤ የጽዱ ሽታ ቀድሞ ይቀበላችኋል።

የመናገሻ ሱባን ደን በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ይህን ለሰባት ዓመቷ ልጄ ስነግራት አንዱን ግንድ ለማቀፍ ሞከረች፤ እጇ ግማሹንም አልደረሰም። ከታች ጽድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ስትሉ ኮሶ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ደግሞ አስታ ታገኛላችሁ። ጉሬዛ መፈለግ አያስፈልግም፤ ነጭና ጥቁር ካባውን ደርቦ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወር ራሱ ይጠራችኋል። የምኒልክ ድኩላን ለማየት ግን ዝም ማለት ይጠይቃል። ከልጆች ጋር ከሆናችሁ ተስፋ አታድርጉ።

እኔ የምሠራው የቆዳ ጫማ በሚያመርት ድርጅት ውስጥ በማርኬቲንግ ክፍል ነው። የትም ስሄድ «ይህ ቦታ ለፎቶ እንዴት ነው?» ብዬ ማሰብ የሥራ በሽታዬ ሆኗል። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ሱባ ስንሄድም ቤተሰቡን ያለበስኩት ለፎቶ ነበር፤ ሁላችንም ቁምጣ፣ ሁላችንም ክፍት ጫማ። ከደኑ ዳር ያለው ሜዳ ሣሩ ጉልበት ድረስ ደርሷል፣ አደይ አበባውም ገና አልረገፈም። ምንጣፍ ዘርግተን ቁጭ ልንል ስንል የደኑ ጠባቂ ቀረብ ብለው፣ «እህቴ፣ እዚህ ከብት ይውልበታል፤ ወደ ድንጋዩ ብትጠጉ ይሻላችኋል» አሉኝ። እኛ እበቱን ያሉ መስሎን፣ ንጹሕ ቦታ መርጠን እዚያው ተቀመጥን።

ማታ ልጄ ደክሟት ሳትታጠብ ተኛች። በማግሥቱ ገላዋን ሳጥብ ከጉልበቷ ጀርባ ምስር ክክ የሚያክል ነገር ተጣብቋል። መዥገር። «እንደ መዥገር ተጣበቀ» እያልኩ ስንት ጊዜ ሰው እንዳማሁ እንጃ፤ መዥገር በሰው ገላ ላይ ተጣብቆ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። መሥሪያ ቤቴ የማውቀው ጠባሳውን ብቻ ነበር። የከብት ቆዳን ደረጃ ከሚያወርዱት ነገሮች አንዱ እሱ የሚተወው ቀዳዳ ነው። የልጄም ቆዳ ቆዳ መሆኑን አላሰብኩትም ነበር።

የባለቤቴ እናት ወዲያው፣ «ቅቤ ቀቡት፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ራሱ ይለቃል» አሉ። ባለቤቴ ክብሪት ፍለጋ ወደ ኩሽና ሮጠ። እኔ ደግሞ በጥፍሬ ያዝኩና መነጨቅኩት። ሦስታችንም ተሳስተናል። ቅቤም ሆነ ላምባ መዥገሩን አያስለቅቅም፤ ጊዜ ያባክናል። እሳት ልጁን ያቃጥላል። በጥፍር ጨምቆ መንጨቅ ደግሞ ሆዱን ያፈነዳዋል፣ አፉንም ቆዳ ውስጥ ሊያስቀር ይችላል። የሚሠራው እሾህ የምናወጣበት ወረንጦ ነው፣ ጫፉ ቀጭን የሆነው። መዥገሩን ሆዱ ላይ ሳይሆን ከቆዳው ጋር በተገናኘበት ቦታ ትይዙታላችሁ፤ ከዚያ ሳታዞሩ፣ ሳትጣደፉ፣ ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ላይ መሳብ ነው። ቦታውንና እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ አልኮል ካለ ጨምሩበት። ቀኑን ጻፉ። መዥገሩ ቶሎ በተነቀለ ቁጥር በሽታ የማስተላለፍ ዕድሉ ይቀንሳል።

ቀኑን ጻፉ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሱባ በተመለስን በሰባተኛው ቀን ልጄን ትኩሳት ያዛት። ራሷን አመማት፣ ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት ወጣባት። አንድ ክሊኒክ ወሰድናት፤ ደሟ ተመርምሮ ታይፎይድ ነው ተባለና መድኃኒት ይዘን ተመለስን። ሁለት ቀን ሙሉ ለውጥ የለም። ሌሊት ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበረድኩ፣ የተነከሰችበትን ቦታ በስልኬ መብራት አየሁት። ዙሪያው ቀልቷል፣ መሐሉ ጥቁር ቅርፊት ይዟል፤ በሲጋራ የተተኮሰ ይመስላል።

ጠዋት ሌላ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ቅርፊቱን እንዳየ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መዥገር ነክሷት ነበር?» በሽታው ሪኬትሲያ በሚባል የባክቴሪያ ዝርያ የሚመጣ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት እንደሆነ ነገረን። ይህ ባክቴሪያ እግሩ ላይ ነጭ ቀለበት ባለው፣ ከብት ላይ በሚገኘው ባለቀለም መዥገር ውስጥ እዚሁ አገራችን ከተገኘ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከተነከሱ ከ5 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል፤ በትክክለኛው አንቲባዮቲክ ደግሞ በደንብ ይድናል። ልጄንም መድኃኒቱን በጀመረች በሁለተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃት። የመጀመሪያውን ክሊኒክ ለመውቀስ ቸኩዬ ነበር። ግን እኛስ መቼ ነገርናቸው? ከደን መልስ ባሉት ሁለት ሳምንታት ልጃችሁን ትኩሳት ከያዘው፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ደን መሄዳችሁንና መዥገር ማግኘታችሁን ቀድማችሁ ተናገሩ።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ ስነግራት ሳቀችብኝ። ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። እዚያ ያለው መዥገር ላይም የሚባል ሌላ በሽታ ስለሚያስተላልፍ፣ ልጆቿን ከፓርክ መልስ ሳትፈትሽ አታስተኛም። የምትጠቀምበት ወረንጦ እናታችን ከአዲስ አበባ የላከችላት ነው።

መዥገር አይዘልም፣ አይበርም። ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ የሚነካካውን ይጠብቃል፤ አንዳንዱ ደግሞ የሰውና የከብት ትንፋሽ እየተከተለ ይመጣል። ግልገሉ ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳል። ስለዚህ ረጅም ሱሪ አልብሷቸው፣ የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቱት። አያምርም፣ አውቃለሁ። ፈዛዛ ቀለም ያለው ልብስ ቢሆን የሚሄደው ነገር ቶሎ ይታያል። በመንገዱ መሐል ሂዱ፤ ስትቀመጡም ከብት ከዋለበት ሣር ራቁ። የትንኝ መከላከያ ቅባት ስትገዙ ዲት የተባለው ንጥረ ነገር ከ20 እስከ 30 በመቶ መሆኑን ማሸጊያው ላይ አንብቡ፤ የልጆችን እጅና ዓይን ዙሪያ አትቀቡ፣ ከሁለት ወር በታች ላለ ሕፃን ደግሞ አይሆንም። ፐርሜትሪን ካገኛችሁ ለልብስና ለጫማ ብቻ ነው።

ቤት ስትደርሱ ግን ድካሙ አያሸንፋችሁ። ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ገላቸውን አጥቧቸው። ከጆሮ ጀርባ፣ የፀጉር ሥር፣ ብብት፣ እምብርት፣ ብሽሽት፣ ከጉልበት ጀርባ በጣታችሁ እየዳሰሳችሁ ፈልጉ። ልብሱን በሙቅ ውሃ እጠቡ። ውሻ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እሱንም ወደ ሳሎን ከመግባቱ በፊት ፈትሹት።

ዘንድሮ መስከረም መጨረሻ ላይ ተመልሰን ሄድን። ካልሲያችን ሱሪያችን ላይ ወጥቶ የተነሳነው ፎቶ ለማስታወቂያ የሚሆን አይደለም። ጠባቂው አወቁን፤ ራሳቸው ወደ ድንጋዩ ወሰዱን። ልጄ አሥራ አንድ ጉሬዛ ቆጠረች፣ አባቷ ዘጠኝ ነው ብሎ ተከራከራት። ማታ ከታጠበች በኋላ ፍተሻው የኔም ነው ብላ የእጅ ባትሪ ይዛ ሁላችንንም አሰለፈችን። አያቷ ወረንጦውን ይዘው ከጎኗ ቆሙ። ከእሷ ላይ ምንም አልተገኘም። ከአባቷ ጆሮ ጀርባ ግን አንድ አገኘች።