ከታች ያለው ረድፍ

ቡሬ ላይ በረዶ ማለት ክረምት ሲገባ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ የሚደበድበው፣ ልጆች በሳህን ለቅመው ሳይሟሟ አፋቸው ውስጥ የሚከቱት ነገር ነው። ሩብ ሰዓት እንኳ አይቆይም። ካናዳ፣ ዊኒፔግ ያለችው እህቴ «በረዶ ጣለ» ስትለኝ ግን ወር አልፎ ወር ሲተካ ከደጃፏ የማይነሳውን ነጩን ማለቷ ነው። ሌላም አለ፤ ወንዙን አርግቶ ሰው በላዩ የሚያስኬደው። እኛ ሦስቱንም በረዶ እንላቸዋለን። የእህቴ ልጅ ለእያንዳንዱ የተለየ ስም አለው። ያደገው በሦስተኛው ላይ ነው።

አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አይስ ሆኪ ይጫወታል። ባለፈው መስከረም የሰፈሩ ክለብ ልጆቹን መዝኖ በየደረጃቸው ሲመድብ፣ ከሁለተኛው ቡድን ወደ አራተኛው ወረደ። ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ። እሱ ጫማውን ጓዳ ወርውሮ «በቃኝ» አለ። እህቴ ደወለችልኝ።

«እኔን አይሰማኝም። አንተ አጎቱ ነህ፣ ወንድ ነህ፣ እስቲ አናግረው።»

ስለማላውቀው ጨዋታ ምን ብዬ ላናግረው? የልጁ አማርኛ የተሰባበረ፣ የኔ እንግሊዝኛ የጥቁር ሰሌዳ። ግን አስተማሪ ነኝ፤ አንብቦ ማስረዳት እንጀራዬ ነው። መብራት ባለበት ማታ ማታ ስለ ዓለም ሻምፒዮናው ማንበብ ጀመርኩ።

ነገሩ መሰላል ነው። ዓለም አቀፉ የአይስ ሆኪ ፌዴሬሽን በ1908 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ተመሠረተ። ዛሬ በወንዶቹ የዓለም ሻምፒዮና ከላይ ያሉት 16 አገሮች ናቸው፤ ለሁለት ተከፍለው ስምንት ስምንት ሆነው ይጫወታሉ። ከየምድቡ መጨረሻ የወጣው ይወርዳል። ከሥራቸው አንደኛ ዲቪዚዮን አለ፣ እሱም «ኤ» እና «ቢ» ተብሎ የተከፈለ፤ ከዚያ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ከሁሉም ሥር አራተኛ። በየዓመቱ አሸናፊው አንድ ደረጃ ይወጣል፣ ተሸናፊው አንድ ደረጃ ይወርዳል። የኛ አገር ኳስ ተከታታይ ይሄን ለመረዳት አይቸገርም፤ ፕሪሚየር ሊግ፣ ከፍተኛ ሊግ፣ አንደኛ ሊግ እያልን የኖርን ነን። «አንደኛ» የተባለው ሦስተኛ መሆኑን ለልጁ ሳስረዳው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

እኔን የያዘኝ የላይኞቹ ወሬ አልነበረም። በ1987 እ.ኤ.አ. ፐርዝ ከተማ ላይ አውስትራሊያ ኒውዚላንድን 58 ለ 0 አሸነፈች። የጨዋታው ርዝመት 60 ደቂቃ ነው፤ በደቂቃ አንድ ጎል ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። በረኛው ያን ዕለት ማታ እራት በላ ይሆን? ኒውዚላንድ ግን አልተበተነችም። ዛሬም ቡድኗ ከታችኞቹ ዲቪዚዮኖች ውስጥ አለ፤ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ይጫወታል። እንግሊዞችም አሉ። በ2017 ከአንደኛ ዲቪዚዮን «ቢ» ወደ «ኤ» ወጡ፤ በዓመቱ ቡዳፔስት ላይ ከሃንጋሪ ጋር ሲጫወቱ ሊያልቅ 16 ሰከንድ ገደማ ሲቀረው አቻ አድርገው ከ1994 ወዲህ ያላዩት የላይኛው ረድፍ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ደግሞ ወረዱ። ደግሞ ወጡ።

ይሄን ሳነብ ሐሳቤ ወደራሴ አገር ሄደ። እኛም እዚህ መሰላል ላይ ነው የምንኖረው። ጎሬ የኢሉባቦር ዋና ከተማ ነበረች፤ በ1936 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ በጣሊያን ስትያዝ የአገሪቱ ጊዜያዊ መንግሥት የተቀመጠው እዚያ ነው። ኋላ ዋናነቱ ወደ መቱ ዞረ። የኛ ቡሬ ደግሞ የቡናው መንገድ ላይ ነበረች። በ1902ቱ ውል እንግሊዞች ባሮ ላይ የንግድ ጣቢያ ከፈቱ፤ የኢሉባቦር ቡና በቡሬ አልፎ በበቅሎና በሰው ጫንቃ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ይወርዳል፣ ከዚያ በመርከብ ወደ ካርቱም። ሱዳን ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ተዘጋ፤ መርከቡም ቀረ። ዛሬ አውቶቡሱ ቡሬ የሚቆመው ሻይ ለመጠጣት ያህል ነው። የወረደ ከተማ ግን አይዘጋም። ቡናው ይለቀማል፣ ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ሰው ይዳራል።

ቅዳሜ ደወልኩ። እዚያ ጠዋት፣ እዚህ አመሻሽ።

«አጎቴ፣ እማዬ ናት ያስደወለችህ?»

«አዎ። ግን ጥያቄ አለኝ። 58 ለ 0 ተሸንፈህ ታውቃለህ?»

ዝም አለ። ከዚያ «ኖ!» ብሎ ጮኸ። ስለ ኒውዚላንድ ነገርኩት። ስለ ራሱ ከተማም ነገርኩት፤ በ1920 አንትወርፕ ኦሎምፒክ ላይ፣ የመጀመሪያ የዓለም ሻምፒዮና ተብሎ በሚቆጠረው ውድድር፣ ካናዳን ወክሎ ያሸነፈው ዊኒፔግ ፋልከንስ የሚባል የዊኒፔግ ቡድን ነበር። ተጫዋቾቹ ከአንዱ በስተቀር ከአይስላንድ የመጡ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። «እንዳንተ» አልኩት። ይሄን እዚያው ተወልዶ አላወቀውም ነበር።

ቀጥሎ የጠየቀኝን ግን አልጠበቅኩም።

«ኢትዮጵያስ የትኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ናት?»

የትም የለችም አልኩት። በሻምፒዮናው ለዓመታት ከአፍሪካ ሲጫወት የኖረው የደቡብ አፍሪካ ቡድን ነው። ኬንያዎች ናይሮቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ባለች ትንሽ ሜዳ ሲለማመዱ ኖረዋል። እኛ በበረዶ ላይ የምንጠራው ስም ሮቤል ተክለማርያም ነው፤ በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር፣ የክረምት ኦሎምፒክ ላይ ባንዲራችንን ይዞ በበረዶ መንሸራተቻ የተወዳደረው። መጨረሻ ለመውጣት እንኳ መጀመሪያ መዝገብ ላይ መግባት ያስፈልጋል። አራተኛው ቡድን ውስጥ ያለ ልጅ ስሙ ተጽፏል፤ ማልያው ላይ ቁጥር አለው።

«ግን ዱላው አለን» አልኩት። የገናን ጨዋታ ነገርኩት፤ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ፣ ጥንግ፣ በሁለት የተከፈለ መንደር። በኦሮምኛ ቅሌ እንደሚባል። በዚያ ቀን ሎሌ ጌታውን ቁርጭምጭሚቱን ቢመታው ቂም እንደማይያዝ። እዚህም እየቀረ ነው፤ ሜዳው ላይ የሚታየው ኳስ ብቻ ሆኗል። እናቱ በልጅነቷ ከወንዶች ጋር ገብታ እንደምትመታ ስነግረው አላመነም። «እማዬ?» አለ። ስልኩን ይዞ ሊጠይቃት ሲሮጥ ኮቴው ይሰማኛል። ሳቋ መጣ፤ ስንት ጊዜዬ ነው ያን ሳቅ ካልሰማሁ።

በጥር ወደ ካናዳ የሚመለስ ሰው አገኘሁ። ከጓሯችን ጀርባ የተቆለመመ ቅርንጫፍ መርጬ ቆርጬ፣ ልጬ፣ ጢስ አስመትቼ ላክሁለት። አውሮፕላን ጣቢያ ምን እንደሆነ ጠይቀውት «የገና ዱላ ነው» ቢላቸው አልገባቸውም፤ «ሆኪ» ሲላቸው አሳለፉት።

ልጁ አራተኛው ቡድን ውስጥ ነው። በየሳምንቱ ውጤቱን በድምፅ ይልክልኛል። አብዛኛውን ይሸነፋሉ። ባለፈው ቅዳሜ «አጎቴ፣ 6 ለ 2» አለኝ። ለማን እንደሆነ አልነገረኝም፤ ግን ከሁለቱ አንዷን ያገባት እሱ ነው፤ እንዴት እንዳገባት ለመንገር ሦስት ደቂቃ ፈጀበት፣ አብዛኛውን በአማርኛ።