ሙሳዎ

በካምፓላው ካምዎክያ ሰፈር ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ «ሙሳዎ» ነው። በሉጋንዳ ሐኪም ማለት ነው፤ ግን ነርሱም፣ መድኃኒት ሻጩም በዚሁ ይጠራል። እኔም ከባንኮኒው ጀርባ ለቆመችው ልጅ «ሙሳዎ» ብዬ ነው ወረቀቴን የዘረጋሁላት።

ሳሉ ደረቴን ይዞት ሰንብቷል። ወቅቱ ፍልሰታ ስለነበር ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እህል አልቀምስም። ሐኪሙ አሞክሲል ብሎ ሞነጫጭሯል። ልጅቱ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዘነበለችው፤ ዞር ብላ ጓዳውን አየች፤ ጓዳው ባዶ ነው። ከኋላዬ አራት ሰው ቆሟል። ክኒን ቆጥራ በትንሽ ካኪ ፖስታ ከተተችና በእስክሪብቶ «1×3» ጻፈችበት። የመድኃኒቱ ስም የለም። አልጠየቅኋትም፤ ሙሳዎን ማን ይጠይቃል?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት አንሶላዬ በላብ ርሶ ነቃሁ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ይደልቃል። አብራኝ የምትኖረው ልጅ «እትዬ፣ ምች ነው የመታሽ» አለችኝ። ስሜን ስትጠይቀኝ የእናቴን ስም እንደነገርኳት የሰማሁት ከዳንኩ በኋላ ነው። ቦዳቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ መሐል አስቀምጠው ክሊኒክ አደረሱኝ። ነርሷ ጣቴን ወግታ ስኳሬን ብትለካው፣ ከ4 መውረድ የማይገባው 1.9 ሆኖ ተገኘ። ግሉኮስ ሰጡኝና ነፍሴ መለስ አለች፤ ጎህ ሲቀድ ስኳሩ እንደገና ወረደ። ያኔ ነው ነርሷ ፖስታውን ከቦርሳዬ አውጥታ ክኒኑን በመዳፏ ያገላበጠችው። ዳኦኒል፣ የስኳር ሕሙማን መድኃኒት! ቆሽትን ኢንሱሊን አምጪ እያለ ይጎተጉታል፤ ጉልበቱም እስከ 24 ሰዓት ይዘልቃል። ለስኳር ሕመምተኛ እንኳ ከምግብ ጋር ነው የሚሰጠው። እኔ ስኳር የለብኝ፣ ሆዴም ባዶ።

አሞክሲልና ዳኦኒል የሚሉት ሁለት ስሞች ተምታተው ሰው ሲጎዱ የመጀመሪያቸው አይደለም። በላቲን ሲጻፉ ስድስት ስድስት ፊደል ናቸው፤ መጨረሻቸውም አንድ ነው። እንግሊዝ አገር አሞክሲል ታዞለት ዳኦኒል የተሰጠው ሰው አንጎሉ ተጎድቶ ቀርቷል፤ ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ1989 ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ከጥፋቱ 25 በመቶው በሐኪሙ የእጅ ጽሑፍ፣ 75 በመቶው በፋርማሲስቱ ላይ ወደቀ፤ የታዘዘው መጠን ለዳኦኒል እንደማይሆን ማስተዋል ነበረበትና። ያኛው ግን የተማረ ፋርማሲስት ነው። የኔዋስ?

ቆሜ መሄድ ስችል ሄጄ ጠየቅኋት። ከተቀጠረች ሦስት ሳምንቷ ነው። ሥራዋ ወለል መጥረግና ገንዘብ መቀበል። ጋውኑን የሰጧት ልብሷ እንዳይቆሽሽ ነው። ፋርማሲስቱ ሲወጣ «ሰው እንዳትመልሺ» ተብላለች፤ የትኛውን ወረቀት መቀበል እንደሌለባት ግን የነገራት የለም። ስሙን ከሳጥኑ ጋር አመሳክሪ፣ ሌላ ሰው ይይልሽ፣ ማንበብ ካቃተሽ ለሐኪሙ ደውይ ያላትም የለም። ልጣላት ነበር የሄድኩት፤ ስታለቅስ መሐረቤን ሰጥቻት ወጣሁ።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት «አባርሬያታለሁ» አለኝ፣ የካሰኝ ይመስል።

በሳምንቱ ወደ ገበያው ስወርድ ያንኑ ጋውን ሌላ ልጅ ለብሳዋለች። እጅጌው ረዝሞባት ሁለቴ ተጠቅልሏል። ሕፃን ያዘለች ሴት «ሙሳዎ» ብላ ወረቀት ዘረጋችላት። ገባሁና ምን እንደሚል ጮክ ብላ እንድታነብልን ጠየቅኋት።